በዕድሩ ስልክ የተመዘገበው አንደበት

ሰኞ ጠዋት ከልጄ ከሰናይት ጋር ከገላን ወደ ፒያሳ ተነሣን። የሄድነው አንደበቷን ልናስመልስ ነው። እንዲህ ብዬ ብጀምር ነገሩን የማያውቅ ሰው ግራ ይገባዋልና፣ ከመንገዱ በፊት ጥቂት ላስረዳ።

ሰናይት እኔና እናቷ ልጅ ለማግኘት ተስፋ ከቆረጥን በኋላ የመጣች አንዲት ልጃችን ናት። አሁን ሠላሳ ልትሞላ ነው። ኦቲዝም አለባት። ትሰማለች፣ ታስተውላለች፣ ነገር በማስታወስ እኔን ታስከነዳለች፤ በአፏ ግን አትናገርም። ብዙ ዘመን የተግባባነው በመጎተት ነው። እጄን ይዛ ወደፈለገችው ነገር ትወስደኛለች፣ ከዚያ የቀረው የእኔ ግምት ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ ግን አንዲት መምህርት ታብሌት ላይ የሚጫን ነገር እንዳለ ነገረችን። ትንንሽ ሥዕሎች ተርታ ተርታቸውን ይደረደራሉ። ሰናይት አንዱን በጣቷ ስትነካ ታብሌቱ ይናገርላታል። «ውሃ።» «በቃኝ።» «ጫጫታው በዛብኝ።» አዎና አይደለም እንኳ የየራሳቸው ሥዕል ነበራቸው።

የሚናገረው ድምፅ የጎረቤታችን የሩቅያ ነበር። ፒያሳ በሸምሱ የስልክ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ቃሉን አንድ በአንድ ያስቀዳችው እሷ ናት። «አባዬ ተነሥ» የሚለውን ተቆጥታ ነው ያለችው፤ ሰናይት ጠዋት ጠዋት ደጋግማ ስትነካው ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።

ፒያሳ የነበረው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ለልማት ሲነሣ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ቤቱን አላማውም፤ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ መጸዳጃው የራሳችን ነው። ከጥቂት ሳምንት በፊት ታብሌቱ ደርቆ ቆመ። እዚያው ብሎካችን ሥር ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ «ሶፍትዌር ልጫንበት» አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩት። ሲመልስልኝ እንደ አዲስ ይበራል፤ ሥዕሎቹ ግን የሉም። በእነሱ ፈንታ ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ነጭ ሳጥን ተቀምጧል።

በዚያው ሰሞን ሰናይት መንጋጋዋን በእጇ አንጓ መምታት ጀመረች። ምግብም ቀነሰች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ አፏን ልታይ ጠጋ ስትል ግን ሰናይት ጮኻ ጠረጴዛው ሥር ገባች። «አባት፣ ጥርስ ይሁን ጆሮ፣ ራስ ይሁን ጉሮሮ ሳናውቅ ዝም ብለን መድኃኒት አንሰጥም» አለችኝ ሐኪሟ። «በማደንዘዣ አስተኝተው የሚያዩበት ቦታ ልጻፍልዎ።» ጻፈችልኝ፣ ቀጠሮም ተሰጠን። ቀጠሮው ግን ሩቅ ነው፤ ልጄ የምትመታው ደግሞ ዛሬ ነው። ታብሌቱ ቢኖር በአንድ ጣት ትነግረኝ ነበር። ወደ ፒያሳ፣ ታብሌቱን ወደጫነልን ወደ ሸምሱ የተነሣነው ለዚህ ነው።

ጠዋት፣ ከገላን እስከ ለገሃር

ቁርስ ዳቦ በሻይ አርሼ ሰጠኋት። ጥቂት ቀመሰችና ተወችው። የጆሮ መከላከያዋን አደረግኩላት፤ ግንበኞች የሚያደርጉት ዓይነት ትልቅ ነው፣ ሻሿን ከላዩ ታስርበታለች። ታብሌቱን አጥፍቼ ሰጠኋት፤ ነጩን ሳጥን ስታይ ትረበሻለችና። ዶሮ ማነቂያ ቢሆን ሩቅያ ዘንድ ትቻት እሄድ ነበር። እዚህ ደረጃው ላይ ሰላም የምንባባል ጎረቤቶች አሉ፤ ግን ገና ስም አልተለዋወጥንም።

አውቶቡስ ተሰልፈን ገባን። ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር መስኮቱን ለእሷ ሰጠኋት። መንገዱ ላይ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ተደርድረዋል፣ አቧራው ከመስኮቱ ይገባል። ቃሊቲ ስንደርስ አውቶቡሱ ጢም አለ። ሰናይት የጠፋውን ታብሌት ጭኗ ላይ አድርጋ ትነካካለች። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም ነበር። በኋላ ሳየው ጣቷ ሁልጊዜ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከታች በቀኝ በኩል፣ ከጥጉ ትንሽ ገባ ብሎ። ነካ ታደርግና ቀና ብላ ታየኛለች። ትጠብቃለች። ደግሞ ነካ ታደርጋለች።

ከጎናችን የቆመች ነጠላ ያጣፋች ሴት ታየን ነበር።

«ልጅዎ ናት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አትናገርም እንዴ?»

«ትናገር ነበር።»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ምን አገኛት ታዲያ?»

«ታብሌቱ ተበላሽቶባት ነው።»

ፊቷን ወደ ሾፌሩ አዞረች። ያሾፍኩባት መስሏት ይሆናል። ሳሪስን ስናልፍ «ጠበልስ ወስደዋታል?» አለችኝ።

«እናቷ በነበረች ጊዜ ወስደናታል። ቀዝቃዛ ውሃ ስለምትወድ በጣም ደስ አላት።»

ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ስትወርድ ሰናይትን ትከሻዋ ላይ ልትስማት ጎንበስ አለች፤ ሰናይት ግን ሳይታሰብ መነካት አትወድምና ወደ መስኮቱ ሸሸች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ብላ ወረደች።

ከለገሃር ወደ ላይ

ለገሃር ወርደን የፒያሳ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ በቸርችል፣ ፒያሳ በቸርችል፣ ሁለት ሰው የቀረው» ይላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

«ሁለት ሰው የት አለና?» አልኩት።

«እናንተ ናችሁዋ ፋዘር። ግቡ።»

ሙዚቃው ወንበሩን ያንቀጠቅጣል። ሰናይት በሁለት እጇ የጆሮ መከላከያዋን ጫን አለችው። ቀንሱልኝ ብዬ ለመንኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «አባባ፣ ይቺ መኪና በናፍጣ የምትሄድ መሰለዎት? በሙዚቃ እኮ ነው» አለኝ። ሆኖም ቀነሰልኝ። መኪናዋ ዳገቱን እየሳለች ወጣች።

ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል የሰናይትን ጣት አየ። «ፋዘር፣ ቻርጅ የለውም እኮ ይሄ።»

«ጠፍቶ ነው፣ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትነካካለች?»

«እያወራች ነው።»

«ከማን ጋ?»

ከእኔ ጋር ልለው አስቤ ነበር። ግን ያለችውን አንዱንም ስላልሰማሁ አፈርኩና ብሩን ዘረጋሁለት። ከመልሱ አምስት ብር አስቀረብኝ፣ እሱንም አልጠየቅኩትም።

ፒያሳ

ፒያሳ ስንወርድ ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር። እኔ እዚህ ላውንደሪ ውስጥ ካውያ ይዤ ነው ያረጀሁት። የፒያሳን ሰው ሸሚዝ በአንገትጌው አውቀው ነበር፤ አሁን ሰውየውንም ሸሚዙንም አላውቀውም። አስፋልቱ ሰፍቷል፣ እግረኛው እንደልቡ ይሄዳል፣ ዘንባባ ተተክሏል፣ የእንጨት መቀመጫ አለ። ማማሩንስ አምሯል። ማኪያቶ የሚጠጡ ወጣቶች ደጅ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ።

የሸምሱ አዲሱ ሱቅ በስተግራ ነው፤ ሰናይት ግን ክንዴን ይዛ በስተቀኝ ጎተተችኝ። አወቅኩት፣ ግን ልከለክላት አልቻልኩም። ቁልቁል ወረደች። መንገድ የለም፣ አጥር የለም፣ ሣር ነው። በሌለ ቅያስ ታጠፈች፣ የሌለ ቦይ ተሻገረች፣ ሄዳ አንድ ቦታ ቀጥ ብላ ቆመች። በራችን ነው። እኔ ብቻዬን ብመጣ አላገኘውም ነበር።

ጥበቃው መጣ። «እህቴ፣ ሣሩን አትርገጪ።»

«አትናገርም» አልኩት። «ቤታችን እዚህ ጋ ነበር።»

«የኔም ቤት እዚያ ከዛፉ ወዲህ ነበር፣ አባቴ። ግን ሣር ሣር ነው፤ ካየኝ አለቃዬ እኔን ነው የሚረግጠኝ።»

«ማረን። ጥቂት ብቻ ትቁም።»

ፊቱን ወደ ሌላ አዞረልን። ሰናይት እጇን ወደፊት ዘርግታ መዝጊያ እንደሚከፍት ሰው ገፋ አደረገች። ከዚያ መንጋጋዋን መታች፣ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። እጇን ያዝኳትና ወጣን።

ሸምሱ ዘንድ

የሸምሱ የድሮ ሱቅም ተነሥቷል፤ አሁን አንድ ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ጠባብ ቦታ ይዟል። ከወልቂጤ በኩል የመጣ፣ ከልጅነቱ ፒያሳ የነገደ ጨዋ ሰው ነው። ሲያየን ባንኮኒውን ዞሮ መጣ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ እኮ ገላን ከገቡ ወዲህ ረሱን ብዬ አማሁዎት። ሰኒ፣ እንዴት ነሽ?»

ሰናይት ታብሌቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። ማን ዘንድ እንደመጣች ታውቃለች። ሸምሱ አብርቶ አየ፣ ነካካ፣ ፊቱ ግን ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ማነው ፎርማት ያደረገው?»

ነገርኩት።

«አይ ጋሽ ደምሴ። ስልክ ጠጋኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱን ነው፣ እኔም የማደርገው ነው። ግን ቃላቱ አልጠፉም። ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል፣ የሩቅያ ድምፅም፣ ሥዕሎቹም፣ እንደነበሩ። ለመክፈት ስንመዘግበው ወደሰጠነው ስልክ ኮድ ይልካል። ኮዱን ማስገባት ብቻ ነው።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። «ታዲያ ምን ቸገረ?»

«ቁጥሩ ትዝ ይልዎታል? የዕድሩ ነው።»

ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ሸምሱ «የማይለወጥ ስልክ ቁጥር ስጡኝ» ብሎን ነበር። የእኔ ስልክ ፒያሳ ኪሴ ውስጥ አይበረክትም፣ ሁለት ጊዜ ተወስዶብኛል። ስለዚህ ነገሩን ዕድር ስብሰባ ላይ አነሣሁት። ዕድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ነው፤ ለለቅሶ መጥሪያ ተብሎ የተገዛ አንድ ስልክ ነበረው፣ ከማኅተሙ ጋር ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ማንም ለግሉ አይደውልበትም። የዕድሩ ዳኛ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ተነሥተው «ሰው ይሞታል፣ ዕድር አይሞትም። የልጅቷ አንደበት በዕድሩ ይመዘገብ» አሉ። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ከዚያ የበለጠ ዋስትና ከየት ይመጣል?

ሸምሱ ቁጥሩን ደወለ። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

«ይሠራል!» አልኩ።

«ማን ዘንድ ነው ያለው?»

ሰፈሩ ሲበተን ዕድሩም ንብረት ተካፍሎ ነበር። ድንኳኑን እኛ የገላኖቹ ወሰድን፣ ብረት ድስቱና አግዳሚው ለሌሎቹ ደረሰ። ሳጥኑን ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ገንዘብ ያዧ ሩቅያ ስለነበረች እሷው ዘንድ ቀረ።

«ሩቅያ አትክልት ተራ ናት፣ ስልክ የማይሰማበት ጫጫታ ውስጥ» አለ ሸምሱ። «ሂዱና ይዛችኋት ኑ። እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

አትክልት ተራ

ቁልቁለቱን ወረድን። አትክልት ተራ አብዛኛው ነጋዴ ሌላ ቦታ ቢሄድም የቀሩት እንደ ድሮው ናቸው። ሽንኩርት በጆንያ የተሸከሙ «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ ያልፋሉ። መሬቱ በጎመን ቅጠል ይንሸራተታል። ሩቅያ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከፊቷ ከምራ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ስኳር እንዳለባት ሰምቼ ነበር።

«አልሞታችሁም እንዴ!» አለች ስታየን። «ደምሴ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ዓመት ሙሉ ድምፅህ ጠፍቶ!»

ይኼኔ ሰናይት ቀጥ አለች። የጆሮ መከላከያዋን አወለቀች፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል። የሩቅያን አፍ ታያለች። ድምፁን አወቀችው። የራሷ ድምፅ ነው እኮ፣ ለዓመታት የተናገረችበት።

ቀረበችና የሩቅያን መዳፍ ገልብጣ ያዘች። ከመዳፏ ታች፣ በቀኝ በኩል፣ ከጥጉ ትንሽ ገባ ብሎ በጣቷ ነካች። ከዚያ አፏን እያየች ጠበቀች።

«ምን ትላለች?» አለች ሩቅያ።

ነገሩን አስረዳኋት፤ መንጋጋዋንም፣ ታብሌቱንም። ሩቅያ በርጩማዋ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። «እሺ የኔ እናት፣ ልንገርሽ። ውሃ?» ሰናይት ጠበቀች። ከዚያ ደግማ ነካች። «እንጀራ? መኝታ? ሽንት ቤት? አባዬ ተነሥ?» ሩቅያ ያን ጊዜ ባለችበት ቃና ነበር የምትለው። «ራሴን? ጥርሴን? ሆዴን? ብርድ?» በየቃሉ ሰናይት አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ታዳምጣለች፣ ደግማ ያችኑ ቦታ ትነካለች። ተሸካሚዎቹ እየገፉን ያልፋሉ፤ አንዱ «ንግዱን በጥንቆላ ለወጣችሁት እንዴ?» ብሎን አለፈ።

«ከመቶ ቃል በላይ ነው ያስቀዳሁት» አለች ሩቅያ በመጨረሻ። ላብ አጥምቋታል። «ሁሉን ከየት አባቴ ላምጣው? አንተ ታውቀው የለም እንዴ፣ ደምሴ? እዚች ቦታ ላይ ያለው ሥዕል ምን ነበር?»

አላውቅም። ታብሌቱ በተናገረ ቁጥር እሰማ ነበር እንጂ ጣቷ የት እንዳረፈ አላይም ነበር። ምን ብዬ አያለሁ? ድምፁ እያለ።

ሰናይት የሩቅያን መዳፍ ለቀቀችው። ጭኗ ላይ መልሳ አስቀመጠችላት፣ እንደ ተበደረችው ዕቃ።

«ግድ የለም» አልኩ፣ «ኮዱ ከመጣ ሁሉም ይመጣል። የዕድሩን ስልክ ይዘሽ ተነሺ። ቅድም ደወልን፣ አልሰማሽም።»

ሩቅያ አየችኝ። «የዕድሩ ስልክ? እሱማ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቤት። ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ ማን ሞተ ብለን እንጠራራበታለን? ከጠፋ ከዓመት በላይ ሆነው።»

«ቅድም ጠርቷል።»

«ባትሪውን አውጥቼ እኮ ነው ያስቀመጥኩት።»

ዝንጅብሉን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ከእኛ ጋር ተነሣች። ዳገቱን መልሰን ወጣን።

ከሰዓት በኋላ፣ ሸምሱ ዘንድ እንደገና

ሸምሱ ገና ሲሰማ ገባው። «ሲም ካርድ ብዙ ጊዜ ካልሠራ ይዘጋል። ከዚያ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ዕድሩ አሁን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።»

ድጋሚ ደወለ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፍ አደረገልን። በዚህኛው ተነሣ። የጎልማሳ ድምፅ ነው።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ይህ ቁጥር ቀደም ሲል የአንድ ዕድር ነበር» አለ ሸምሱ።

«ዕድር? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም፣ ሰው አልሞተም። አንዲት ልጅ አለች፣ የምትናገርበት ታብሌት በዚህ ቁጥር ተመዝግቦ ነው። አሁን መልእክት ይመጣልሃል። ውስጡ ያለውን ኮድ ብቻ ብታነብልን።»

ሰውየው ቀስ ብሎ «አሃ። ኮድ» አለ።

«አዎ፣ ኮዱን ብቻ።»

«ወንድሜ፣ ይህችን መንገድ አውቃታለሁ። ባለፈው ሽልማት ደርሶሃል ብላችሁ ኮድ አስነብባችሁኝ፣ ባንክ የነበረችኝን ጠርጋችሁ ሄዳችኋል።»

«እኛ አይደለንም፣ በአላህ።»

«እናንተማ አይደላችሁም። ሁልጊዜም እናንተ አይደላችሁም።»

ስልኩን ለመንኩና ያዝኩት። «ልጄ፣ ደምሴ እባላለሁ። ሽማግሌ ነኝ። ልጄን የሆነ ነገር አሟታል፣ የት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ መናገሪያዋ ያለው አንተ ዘንድ ነው። አውቀህ አይደለም፣ አንተ ጥፋት የለብህም…»

«ዛሬ ደግሞ ሽማግሌ ይዛችሁ መጣችሁ?»

ሩቅያ ከጎኔ ሆና «ኧረ እውነቱን ነው፣ አትጨክን» አለች ጮክ ብላ። ድምፅ ሲበዛባት ሰናይት ጮኸች። ረጅም ነው ጩኸቷ፣ ከሆድ የሚወጣ። መንጋጋዋን ደጋግማ መታች፣ እስኪሰማ ድረስ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ሰውየው።

«እሷ ናት።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። በዚያች አፍታ ያምነኛል ብዬ ነበር። ይመስለኛል እሱም ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር።

«አባት» አለኝ፣ ድምፁ ለስልሶ፣ «እውነት ከሆነ እግዚአብሔር ይማራት። ውሸት ከሆነ ደግሞ እሱ ይይላችሁ።» ዘጋው። ደግመን ስንደውል አልገባልንም፣ ቁጥራችንን ከልክሎታል። በሩቅያ ስልክም ሞከርን። እሷንም ወዲያው ከለከላት።

ሩቅያ ልትራገም ጀመረች። ሸምሱ ግን ወደ ግድግዳው አመለከተ። ራሱ በትልልቅ ፊደል ጽፎ የለጠፈው ወረቀት ነው፦ «የሚላክልዎትን ኮድ ለማንም አይንገሩ።»

«ስንቱን ደንበኛ መክሬያለሁ» አለ። «ሰውየው ምክሬን የሰማ ይመስል ነው የመለሰልን። ከሱ ቦታ ብሆን እኔም አልሰጥም።»

ሌላ መንገድ የለም ወይ አልኩት። ቁጥሩ አንዴ ለሌላ ሰው ከተሰጠ አይመለስም አለኝ። ለታብሌቱ ኩባንያ ባሕር ማዶ መጻፍ ይቻላል፤ እነሱም ባለቤትነቴን የሚያጣሩት ወደዚያው ቁጥር ኮድ በመላክ ነው። ጥፋተኛ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ቁጥሩን የሸጠው ደንቡን ጠብቋል፣ ሰውየው ራሱን ጠብቋል፣ ዳኛው በሕይወት በነበሩ ጊዜ ያሉት እውነት ነበር። ሁሉም ልክ ሆኖ ልጄ ዲዳ ሆነች።

«አዲስ ልክፈትላት» አለ ሸምሱ። «ከዜሮ ይጀመራል። ዝግጁ የሆኑ ሥዕሎች አሉት፣ ሩቅያም ቀስ እያለች ታስቀዳለች።» ነጩ ሳጥን መጣ። «በማን ቁጥር ይሁን?»

ሩቅያ ወደ መሬት አየች። እኔም ስኳሯን አሰብኩ፣ የራሴን ዕድሜ አሰብኩ። ሸምሱ ራሱ የዚህ ሱቅ ኪራዩ የት እንደሚያደርሰው አያውቅም። ሰናይት ከሁላችን በኋላ ትኖራለች። በመጨረሻ የራሴን ሰጠሁት፤ ከእኔ በኋላ ለማን እንደሚሸጥ እያሰብኩ አንድ በአንድ አነበብኩለት።

ሥዕሎቹ ሲመጡ ሰናይት ታብሌቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ፊቷ በራ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ። አልፈላለገችም፣ አላመነታችም፤ ጣቷ ቀጥ ብሎ ከታች በቀኝ በኩል፣ ከጥጉ ትንሽ ገባ ብሎ አረፈ።

«ኳስ» አለ ታብሌቱ፣ በማናውቀው ሰው ድምፅ።

ቀና ብላ አየችኝ። ደግማ ነካች።

«ኳስ።»

እንደገና ነካች፣ አሁን በቀስታ። «ኳስ።» ከዚያ ታብሌቱን በፊቱ ደፍታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፣ እጇንም ላዩ ላይ ጫነችበት። ሸምሱ ፊቱን አዞረ። ሩቅያ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

ሩቅያ ታክሲ ድረስ ሸኘችን። በሳምንቱ መጨረሻ ገላን መጥቼ ደህና አድርጌ አስቀዳለሁ አለችኝ። አመሰገንኳት። ዝንጅብልም ቋጠረችልን፣ ለጥርስ ደህና ነው ብላ። ጥርስ ይሁን አይሁን አላወቅንም፣ ግን ተቀበልኩ።

ማምሻውን፣ ገላን

መመለሻው ረዘመ። ጎተራ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ሰናይት መስኮቱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ታብሌቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ አልጠየቀችኝም።

ቤት ስንገባ ፀሐይ ሊጠልቅ ነበር። ሻይ አፈላሁ፣ ለእሷ አቀዘቀዝኩላት። ከጉዞው ምን ተማርክ ቢባል የዓይኔን ነገር ነው የማነሣው። ለዓመታት ልጄ በጣቷ ስትናገር እኔ ማሽኑን ነበር የማዳምጠው። ጣቷን አንድ ቀን አይቼው ቢሆን ዛሬ ኮድም፣ ስልክም፣ የዕድር ሳጥንም አያስፈልገኝም ነበር። አንደበቷ ከነቦታው እሷ ውስጥ አለ፤ የጠፋው እኔ ዘንድ የነበረው ነው። ይህን ማወቄ ግን ምን ይሠራልኛል? ለነገ ቢሆን እንጂ ለዛሬ አይሆነኝም።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን ሳለ እጇን ዘረጋች። ባዶውን ጠረጴዛ፣ ከፊቴ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ከጥጉ ትንሽ ገባ ብሎ ነካችው። ቀና ብላ አየችኝ። ድሮ ታብሌቱ ሲናገርላት የምታየኝ አስተያየት ነው፤ እኔም ወዲያው ብድግ ብዬ ያለችውን አመጣላት ነበር።

አሁንም ልነሣ ወንበሩን ገፋሁ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላወቅኩም።